ያልተጠራችው ምራት

ኔሪስ በኦገስት አጋማሽ ምን እንደምትሠራ ለማንም ተናግራ አታውቅም። መጀመሪያ የሕንጻው ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። የመጨረሻው መኪና ድስቱንና ፍራሹን ጭኖ፣ ድመቷን በቅርጫት ከትቶ ወደ መንደር ሲነሳ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታያለች። ከዚያ ቤቷን ትዘጋለች፤ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ። የሳሎኑን መስኮት መዝጊያ እስከ ታች ታወርዳለች፣ የመኝታ ቤቱንም ታወርዳለች፣ በረንዳ ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ አጠጥታ ወደ ጥላው ትጎትታለች። መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አድርጋ መንገዱን ብቻ ታስቀረዋለች። በዓሉ እስኪያልፍ ጨለማ ሳሎን ውስጥ ቬንትሌተሩን ዝቅ አድርጋ፣ የቆርቆሮ ሰርዲን በቲማቲም እየበላች ሶፋው ላይ ትጋደማለች። ሽንት ቤት ውሃ ስትለቅ እንኳ ትሳቀቃለች።

ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ የከተማውን ግማሽ እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ የምትደበቀው እብደት ይዟት አይደለም። ግሪክ አገር፣ ካርዲትሳ ውስጥ ለፍልሰታ በዓል መንደር የሌለው ሰው የለም። ዶክተሩ መንደር አለው፣ ዳቦ ጋጋሪው አለው፣ ዳኛውም አለው። ይህች በጥጥ እርሻ መካከል ለጥ ብላ የተኛች ከተማ ሰው የሚሠራባትና ልጁን የሚያስተምርባት ናት እንጂ የማን እንደሆነ የሚታወቅባት አይደለችም። የማን እንደሆነ የሚታወቀው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ኔሪስም መንደር ነበራት፤ የባሏ የስተርጊዮስ መንደር፣ ኔሮሚሎስ። ስተርጊዮስ ከሞተ ወዲህ ግን ለበዓል "ነይ" ያላት የለም። ብቻዋን መቅረቱን ትችለዋለች፤ ብቻዋን መቅረቷ መታየቱን ግን አትችለውም። ይህ ሦስተኛ ኦገስቷ ነበር።

ከዌልስ የመጣችው በሃያዎቹ ዕድሜዋ፣ ለአንድ ዓመት ብላ ነው። ካርዲትሳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እንግሊዟ" ብላ ጠራቻት። ለጥቂት ዓመታት "እንግሊዝ አይደለሁም፣ አገራችንም ቋንቋችንም ሌላ ነው" እያለች ተከራከረች፤ ኋላ ሰለቻትና ተወችው። በአንድ የማታ ቋንቋ ትምህርት ቤት ልጆችን ለፈተና ታዘጋጅ ነበር። ስተርጊዮስን ያገኘችው እዚያው ነው። የጥጥ መልቀሚያ ማሽን የሚጠግን መካኒክ ነበር፤ የማሽኑ መመሪያ በእንግሊዝኛ ቢሆንበት እጁ ግራሶ እንደነካው መጥቶ ከሕጻናት መካከል ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት "አጥብቅ" እና "አላላ" ከሚሉት ቃላት በቀር የያዘው የለም። አስተማሪዋን ግን ያዘ።

ልጅ አልወለዱም። የዘመድ ጉዳይ ሁሉ የሱ ነበር። የማን የስም ቀን፣ ማለትም የስሙ ቅዱስ የሚከበርበት ዕለት እንደሆነ፣ ማን ቤት እንደሚኬድ፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ እሱ ያውቃል። "ተነሺ ኔሪስ፣ እንሂድ" ይላታል፤ ትነሳለች። በልቧ ጥሪው በሱ በኩል እንደመጣ አድርጋ ትቆጥረው ነበር። የራሱ የስም ቀን ሲደርስ ደግሞ "ስንት ሰው ጠራህ? ለስንት ሰው ልሥራ?" ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። "ለሚመጣው" ይላታል። ቤቱም ጢም ብሎ ይሞላል። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን እያየች፣ ሳይጠሩ ሰው ቤት መሄድ የሚባል ነገር ለራሷም እንደሚሠራ አንድ ቀን አልታሰባትም። እናቷ እንዲያ አላሳደገቻትም። በእናቷ አገር ሳይጠራ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ "አስቸገርኳችሁ?" ይላል፤ ባለቤቱም "ኧረ በፍጹም" እያለ በሆዱ ይረግመዋል።

ስተርጊዮስ ጭጋግ ሜዳውን በዋጠበት አንድ የፌብሩዋሪ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ወድቆ ቀረ። መንደሩ ውስጥ ተቀበረ። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ደረሰ፣ ንፍሮው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ታደለ። ዘመድ ሁሉ አቅፎ ሳማት፣ አለቀሰላት፣ ከዚያ ወደየመኪናው ገባ። አማቷ እማማ ላምብሪኒ እጇን ጨብጠው አዩዋት። የባሏ እህት ቫያ "በይ እንግዲህ" አለቻት። በይ እንግዲህ ምን? ኔሪስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ እስከ ካርዲትሳ ድረስ ይህን ስታገላብጥ መጣች። ያን ጊዜ ነው ሆድ የባሳት። ድሮም የሱ ሚስት ነበርኩ እንጂ የነሱ ሰው አልነበርኩም ብላ ደመደመች።

ከመንደር ዕቃ መምጣቱ ግን አልቀረም። እማማ ላምብሪኒ በአውቶቡስ ካርቶን ይልካሉ፤ የበግ አይብ በቆርቆሮ፣ የደረቀ በለስ፣ ለክረምት ሾርባ የሚሆን በወተት ተቦክቶ የደረቀ የስንዴ ፍርፋሪ። ኔሪስ ይህን እንደ ምጽዋት አየችው። አፀፋውን በአገሯ ደንብ መለሰች፤ ወፍ የተሳለበት ካርድ ገዝታ "ስለ ደግነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ" ብላ ጽፋ በፖስታ ሰደደች። ቆርቆሮውን አጥባ ወጥ ቤት ደረደረችው። በየካርቶኑ አንድ ካርድ ይሄዳል፣ ቆርቆሮው ይደራረባል።

ደክሟታል። ሰው ሁሉ ይደክመዋል፤ የሷ ግን በእንቅልፍ የሚለቅ አልነበረም። ያስተማረቻቸው ልጆች ልጆቻቸውን አመጡላት፤ ያንኑ ፈተና፣ ያንኑ ስሕተት በቀይ ታርማለች። ባለ ታክሲው ዛሬም "ከየት ነሽ?" ይላታል። ይህን ያህል ዓመት ኖራ "ግሪክኛ ጎበዝ ነሽ" ሲሏት ፈገግ ማለት አለባት። ድሮ ስተርጊዮስ ነበር የሚመልስላት። "ከኔ ቤት ናት" ይላል፣ ወሬው ያልቃል። አሁን መልሱ ከሱ ጋር ተቀብሯል፤ እሷም ጥያቄውን ፈርታ በእግሯ መሄድ ለምዳለች።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ምድር ቤት የምትኖረው አረቲ ደረጃው ላይ አገኘቻት። አረቲ ወሬ የማታመልጣት፣ እንደሷው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ትልቅ ድስት በሁለት እጇ አቅፋለች።

"አንቺስ፣ መቼ ነው የምትወጪው?"

"ነገ በጠዋት" አለች ኔሪስ።

"ደግ። እማማ ላምብሪኒን ሳሚልኝ። ከዘራቸውን አሁንም ይደገፉበታል ወይስ ሰው ይመቱበታል?"

"ሁለቱንም።"

"ምን ይዘሽላቸው ነው የምትሄጂው? ባዶ እጅሽን እንዳትወጪ።"

"አዘጋጅቻለሁ" አለች፤ ውሸት ላይ ውሸት ደረበች።

አረቲ ድስቱን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ አየቻት። "ምነው ፊትሽ? በዓል የሚሄድ ሰው አትመስይም።"

"ሙቀቱ ነው።"

"ሙቀቱማ ለሁላችንም እኩል ነው የታደለው" አለችና ድስቷን ይዛ ወረደች።

ማታውን እህቷ ካሪስ ከዌልስ ደወለች። ካሪስም ብቻዋን ናት፤ ከባሕር ጠረፍ አጠገብ ትንሽ ቤት አላት፣ ትርፍ ክፍልም አላት። ስተርጊዮስ ከሞተ ጀምሮ "ወደ ቤትሽ ነይ" እያለች ስትጨቀጭቃት ቆይታለች።

"ለምንድን ነው የምታንሾካሽኪው?" አለች ካሪስ።

"ጉሮሮዬን አሞኛል።"

"ስሚ ኔሪስ። ክፍሉን አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ እየጠየቀችኝ ነው። አንቺን ብዬ ያዝኩት፤ ከእንግዲህ ግን ሴትዮዋን ላጉላላት አልችልም። በዓላችሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። እሺ በይኝ ወይም እምቢ በይኝ። 'እስቲ ላስብበት' ሰልችቶኛል።"

"እሺ፣ ደውዪ።"

"እዚያ ማን አለሽ? ንገሪኝ፣ ማን አለሽ?"

ኔሪስ የተዘጋውን መስኮት አየች። ስልኩን ስታስቀምጥ ልቧ ቆርጦ ነበር፤ እሺ ልትላት ነው። ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሁለቱም አልተሰማትም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የሰርዲኑ ቆርቆሮ ሽታ ቤቱን አላስቀምጥ አላት። በዚያ ሙቀት ቆሻሻ ቤት ውስጥ ማሳደር የሚችል ሰው የለም። መንገዱ ጭር ማለቱን በቀዳዳ አረጋግጣ፣ በነጠላ ጫማና በቤት ቀሚስ፣ የቆሻሻውን ከረጢት አንጠልጥላ ወረደች። ጥግ ላይ ካለው ገንዳ ልትደርስ ስትል ከኋላዋ "ቲቸር?" አላት አንድ ድምፅ።

ዚሲስ ነው፤ የተራራው መንደሮች አውቶቡስ ሾፌር። ልጅ ሳለ አስተምራዋለች፤ እንግሊዝኛ አልገባ ብሎት መሪ ጨበጠ። ወደ መናኸሪያው እየሄደ ነበር። ኔሪስ ከረጢቱን ከጀርባዋ ደበቀች፤ ምን እንደምትደብቅ እሷም አታውቅም።

"መንደር ነዎት ብዬ እኮ ነው" አለ ዚሲስ። "አረቲ 'ቲቸርም ትወጣለች' አለችኝ።"

"ዛሬ ልሄድ ነው።"

"በምን?"

ከረጢቱን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"በኔ አውቶቡስ ካልሆነ በምን? ወደዚያ የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ደግሞ አልወጣም፤ ነገ ነኝ።" ከረጢቱን አየ፣ ነጠላ ጫማዋን አየ፣ ሽቅብ የተዘጋውን መስኮቷን አየ። ሞኝ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቲቸር፣ አምናም ካቻምናም እዚሁ ነበሩ?"

ኔሪስ ፊቷ ቀላ። እንደ ተማሪ ተይዛ ቆመች፤ በዚያ ዕድሜዋ።

"እኔ ደግሞ በርስዎ የተነሳ ፍዳዬን አየሁ" አለ ዚሲስ። "አማትዎ ሊጨርሱኝ ነው። በበዓሉ ቀን አደባባዩ ጋ ስደርስ ከዘራቸውን ይዘው የአውቶቡሱ በር ላይ ይቆማሉ። 'አመጣሃት?' 'አላመጣኋትም እማማ።' 'የት ጣልካት?' አምናማ ካልገባሁ ብለው ወንበር ለወንበር ፈለጉ። ሰው ይስቃል፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። የበላሁዎት ነው የሚመስለው።"

"እኔን ነው የሚሉት?"

"ሌላ ምራት አላቸው?"

"ዚሲስ፣ ማንም አልጠራኝም" አለች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ዚሲስ እየቀለደችበት እንደሆነ ሊያጣራ ትኩር ብሎ አያት። "ማን ይጥራዎት? መጥሪያ የሚልክ ፍርድ ቤት ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የፊቱን ወንበር እይዝልዎታለሁ። ካልመጡ ደግሞ በርዎ ላይ ጡሩምባ እየነፋሁ እወስድዎታለሁ፤ ያንን ከዘራ ሁለተኛ አልችለውም።" ከረጢቱን ከእጇ ነጥቆ ገንዳው ውስጥ ጣለላትና ሄደ።

ኔሪስ ያን ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። ልሰናበታቸው ልሂድ አለች። እሺ፣ ለካሪስ እሺ ልላት ነው፤ ቢሆንም ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው፤ ሄጄ ልሰናበት። ይህን ምክንያት ስታገኝ ቀለል አላት፤ መሰናበት ጥሪ አያስፈልገውም። ባዶ እጅ እንዳይሆን ደግሞ ከዱቄትና ከዘቢብ የእናቷን የሻይ ዳቦ ልትጋግር ተነሳች፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ውጭው እንደ ምድጃ በሚነድበት ቀን ምድጃ ለኮሰች። የቀረፋው ሽታ በተዘጋው መስኮት አልፎ ሰው አልባውን መንገድ ሞላው፤ ተደብቆ የሚጋግር ሰው ከሷ በፊት ያለ አይመስለኝም። ዳቦውን ስታወጣ የተደረደሩትን የአይብ ቆርቆሮዎች አየች። ዳቦውን ቆራርጣ ሞላችባቸው፣ በተረፉት ቡናና ስኳር አደረገችባቸው።

በማግሥቱ አውቶቡሱ በሰውና በሙዝ ካርቶን ተጨናንቆ እየተንገዳገደ ወጣ። ከሜዳው ወበቅ ከወጡ በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ። ኔሪስ ቆርቆሮዎቹን ጉልበቷ ላይ አቅፋ "መሰናበት ብቻ ነው" ትላለች ለራሷ። የኔሮሚሎስ ትልቁ ዛፍ ከሩቅ ሲታይ ግን ዚሲስን አቁም ልትለው ፈልጋ ነበር።

እማማ ላምብሪኒ በሩ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ አጥረዋል፣ ከዘራው ግን እንደ ድሮው ነው።

"አመጣሃት?"

"አመጣኋት እማማ። ከፈለጉ ይፈርሙልኝ።"

ኔሪስ ወረደች። አሮጊቷ አላቀፏትም። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ከስተሻል" አሉ። ከዚያ ዞረው በከዘራቸው ፊት ፊት መሩ። "ነይ፣ ድንቹ አልተላጠም።"

ግቢው ውስጥ ቫያ ትልቅ ብረት ድስት እያማሰለች ነበር፤ ጾሙ የሚፈታበት የፍየል ሥጋ ነው። ቀና ብላ ኔሪስን አየችና ማማሰሏን ቀጠለች። አንድ ቅርጫት ድንችና ቢላ በእግሯ ገፋ አደረገችላት። ሴት ልጇ ኤቭዶክሲያ ከቤት ወጥታ "አክስቴ" ብላ ጉንጯን ሳመቻት፣ የእናቷን ፊት አየችና ተመልሳ ገባች። ኔሪስ ተቀምጣ መላጥ ጀመረች። ከነገሩ ሁሉ ዝምታው ነበር የከበዳት። ድንቹ ግማሽ ሲደርስ አልቻለችም።

"ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት" አለች። "እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ለዘለቄታው።"

ቫያ ማማሰያውን አስቀመጠች።

"ልትሰናበቺን። ደግ። እንኳን ለዚህ መጣሽ። እኛ እኮ የምስጋና ካርድ ትልኪልናለሽ ብለን ነበር የጠበቅነው።"

"ቫያ" አሉ እማማ ላምብሪኒ።

"አይ፣ ትስማ። እማዬ ዓይኗ አያነብም፣ ካርድሽን ለፖስተኛው ነው የምታስነብበው። 'ስለ ደግነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።' እንዲህ የሚጻፈው ለባንክ ነው። ለእናት እንዲህ ይጻፋል? አይብ የላከችልሽ አመስግኚኝ ብላ ነው? ቆርቆሮውን ይዘሽ ትመጪያለሽ ብላ ነው እንጂ።"

ኔሪስ ቢላውን እንደያዘች ቀረች። "ማንም አልጠራኝም" አለች። "ሁለት ዓመት ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አንዳችሁ 'ለበዓሉ ነይ' አላላችሁኝም። እናንተ የማትፈልጉኝ መስሎኝ..."

ድስቱ ብቻ ይንተከተካል። እማማ ላምብሪኒና ቫያ ተያዩ። ካርዱ፣ አለመምጣቷ፣ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ሲዞር ይታያል።

"አንቺን?" አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ። ቁጣ ሳይሆን መደናገር ነበር ድምፃቸው ውስጥ ያለው። "አንቺን ከየት ነው የምጠራሽ? ሰው የሚጠራው እንግዳ ነው። ቫያን ጠርቻት አውቃለሁ? ልጄን ጠርቼው አውቃለሁ?"

"እኔ ግን አላወቅኩም እማማ።"

"ይህን ያህል ዓመት በላሽ ጠጣሽ፣ አላወቅሽም።"

"እሱ ነበር እንሂድ የሚለኝ።"

እማማ ላምብሪኒ ይህን ሲሰሙ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቆሙ። "የኔ ሞኝ ልጅ" አሉ። "ሚስቱን አቅፎ ሲያዞር ኖሮ፣ በሩ የት እንዳለ እንኳ ሳያሳያት ሞተ።"

ቫያ አልበረደላትም፤ ግን ድምፅዋ ወርዷል። መጥታ ከኔሪስ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ አንድ ድንች አነሳች።

"እዚህ አደባባይ ሐዘን ያለበት ቤት አይጨፍርም፤ ይሄንን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ሐዘኑን ማን እንደሚያስነሳው ግን አታውቂም። ዋናዋ ሐዘንተኛ መጥታ፣ ሰው ፊት ተነስታ መሐረብ ይዛ ጭፈራውን ካልመራች ሌላው አይነሳም። እናት አትችልም፣ እህትም አትችልም። ሚስት ናት። የመጀመሪያው ዓመት ያው ደንቡ ነው፣ ተቀመጥን። አምና 'ዘንድሮ ትመጣለች' አልን። የኤቭዶክሲያ እጮኛ ከነቤተሰቡ መጥቶ ነበር፤ አዲስ ሙሽራ ይዘው ሊጨፍሩ። መንደሩ ሁሉ ሲጨፍር እኛ አንገታችንን ደፍተን ሳህን እናይ ነበር። ልጄ በራሷ አደባባይ፣ በታጨችበት ዓመት፣ ተቀምጣ ዋለች። ኦክቶበር ላይ ሠርጓ ነው። ዘንድሮም ብትቀሪ እንዲሁ ልንቀመጥ ነበር።"

ኔሪስ ቢላውን አስቀመጠች። ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ያሳለፈቻቸው ቀናት ሁሉ ተራ በተራ መጡባት፤ እሷ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተጋድማ ረሱኝ ስትል፣ እነሱ እዚህ ፀሐይ ላይ እሷን ብለው ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ እፍረት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ምን ብለን?" አለች ቫያ። "ነይ ሐዘናችንን አንሺልን ተብሎ ይለመናል? ባልሽ ነው። ገና አልወጣላትም አልን። ቢያንስ ወንድሜን እንዲህ የወደደ ሰው አለ ብዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ካርዱ ይመጣል፤ እንደገና እናደድብሻለሁ።"

እማማ ላምብሪኒ ከቆርቆሮው አንዱን ከፍተው ቁራጭ ዳቦ ወደ አፋቸው አደረጉ። አኘኩ፣ አሁንም አኘኩ። "ይሄ ነገር ዛሬም ጡብ ነው" አሉና ሌላ ቁራጭ አነሱ።

ቅዳሴው ካለቀ፣ ሥጋው ከተበላ በኋላ አደባባዩ ላይ ክላርኔቱ ጀመረ። እያንዳንዱ ቤት በተራው ይነሳል፤ የቤቱ ሰው ፊት ይመራል፣ ዘመዱ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይከተላል፣ ሲበቃቸው ለሌላው ይለቃሉ። ክላርኔት ነፊው ሽማግሌ ነው፤ ማን ከማን እንደሚነሳ ያውቃል። ከነሱ ጠረጴዛ አጠገብ ሲደርስ እንደ አምናው በአክብሮት አንገቱን ሰበር አድርጎ ሊያልፍ ሲል እማማ ላምብሪኒ ከዘራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት። ከዚያ ከደረታቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ኔሪስ ፊት አስቀመጡ።

"ተነሺ።"

"እማማ፣ ጉልበቴ..."

"የኔ ከሰማንያ አልፏል። ተነሺ።"

"አልችልበትም። እሱ ነበር የሚመራኝ።"

"እንደማትችይበት አገር ያውቃል። ስትጨፍሪ እንደታመመች ዳክዬ ነሽ። ተነሺ ልጄ።"

ኤቭዶክሲያ ከጠረጴዛው ማዶ ትመለከታታለች፤ እጇን ከእጮኛዋ እጅ ላይ አንስታ ተዘጋጅታለች። ኔሪስ መሐረቡን አነሳች። ወንበሩ ድንጋዩ ላይ ሲንቋቋ የአጠገቡ ጠረጴዛ ዞሮ አየ፣ ከዚያ የዚያ ማዶው። እማማ ላምብሪኒ ከዘራቸውን ለዚሲስ አስይዘው ግራ እጇን ያዙ፤ ቫያ የእናቷን፣ ኤቭዶክሲያ የቫያን፣ ከዚያ እጮኛው፣ ከዚያ ዘመድ ሁሉ ከየወንበሩ እየተነሳ ተቀጠለ። ክላርኔት ነፊው ስተርጊዮስ ይወደው የነበረውን ዜማ ቀስ አድርጎ ጀመረው።

ተሳሳተች። ግራውን በቀኝ ቀየረች፣ ጉልበቷ ተንቋቋ፣ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ድንጋዩን ማየት አቃታት። "ቀስ" አሉ እማማ ላምብሪኒ። "ቀስ፣ እኔም ደክሞኛል።" ኔሪስ ባሏ ከሞተባት ቀን ጀምሮ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ አሁን መሐረቡን ከፍ አድርጋ እየመራች አለቀሰች፣ የሚያስቆማትም አልነበረም።

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ።

"ማነው?" አሉ እማማ ላምብሪኒ።

"እህቴ ናት።"

"ምን ፈለገች?"

"መቼ ነው ወደ ቤትሽ የምትገቢው ትለኛለች።"

አሮጊቷ ሁለት እርምጃ ተራመዱ።

"ገብቻለሁ በያት" አሉ።

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ተወ። ኔሪስ በአንድ እጇ መሐረቡን ይዛለች፤ ሌላውን እማማ ላምብሪኒ አልለቀቁላትም።